ሰፈሬን በስድስት ገጽ ያፈረስኩ ለት

ሜዳው ተረፈ!

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። አንዴ አነበብኩት። ዓይኔን ስላላመንኩት ደገምኩት። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ሳነበው አጠገቤ እንጨት ተጭና የቆመች አህያ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። "የመሐል ሰፈሩ ሜዳ ለሕዝቡ የጋራ አገልግሎት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ አዳራሹና የኅብረት ሱቁ በአሮጌው የጣውላ መጋዘን ቦታ ላይ እንዲሠሩ ተወስኗል" ይላል። ደብተሬን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩት። ልቀልበው አስቤ ነበር ማለቴ ነው፤ የቀለበው ጭቃው ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ስፈነድቅ ያየኝ ሰው ሜዳውን ያዳንኩት እኔ ልመስለው እችላለሁ። አይደለሁም። እንዲያውም ሜዳውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች ጭምር በገዛ ብዕሬ ላስፈርስ ለጥቂት የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ሌላው ሰው ጨምሮበት ነው የሚያወራው፤ መጨመር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ካሁን ወዲያ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

ሜዳ ስል ኳስ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ከጠመንጃ ያዥ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለውስጥ ስትሄዱ፣ ቤቶቹ እንደ መተንፈስ ብለው ድንገት የሚራራቁበት አንድ ባዶ ቦታ አለ። እሱ ነው። በአንዱ ጥግ ቦኖ ውሃ፣ በሌላው ጥግ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ አለ። መሐሉ ላይ ምንም የለም። ዋናው ቁም ነገርም እሱ ነው፤ መሐሉ ላይ ምንም አለመኖሩ። የእድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነዋ! ሌላ ቦታ ይተከል እንዳይባል የሰፈራችን መንገድ ጥበቱ ለጉድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ከተላለፉበት ሳይዛመዱ አይወጡም።

ታዲያ በጥር ላይ የቀበሌያችን ጓድ ሊቀመንበር ነዋሪውን ሰበሰቡና የመሐል ሰፈሩን ማሻሻያ ፕላን ዘረጉልን። ሜዳው ላይ አዳራሽ ይሠራል፤ ከአዳራሹ ጎን የኅብረት ሱቅ፤ ከሱቁ ጎን የወጣቶች መዝናኛ ከነጠረጴዛ ቴኒሱ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ደስ ይላል። ጠረጴዛ ቴኒሱ ሲነሳ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። እንደዚያ እያጨበጨብን ሳለ ነው እማማ ብርቄ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ያወጡት።

እማማ ብርቄ ቤታቸው ልክ ሜዳው አፍ ላይ የሆነ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዘመን የሆናቸው ጎረቤታችን ናቸው። በእድሩ መዝገብ ላይ ስማቸው ከላይ ሁለተኛ ነው። አንደኛው ሰውዬ ሞተዋል።

"ልጄ፣" አሉ ሊቀመንበሩን፣ "ይሄ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ስሞት ድንኳኔ የት ይተከላል?"

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ስንቱን ሰው ቀብሬ፣ የስንቱ ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ለቀስተኛዬ እየተጋፋ ከቦኖው ወረፋ ጋር ሊሰለፍ ነው? ወራሽ የለኝ፣ አልቃሽ ልጅ የለኝ። ያለኝ ይሄ ሜዳ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ሊቀመንበሩ ፕላኑን ጠቀለሉና "አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ" ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

በጽሑፍ! ይህችን ቃል ስሰማ ልቤ እንዴት እንደዘለለ ብነግራችሁ እናንተው ታፍሩልኛላችሁ። አማርኛ መምህራችን በዚያው ሰሞን ስለ ዝናብ የጻፍኩትን ድርሰት ክፍል ውስጥ አንብበውልኝ፣ ከአሥር አሥር ሰጥተውኝ፣ "አንቺ ልጅ ብዕርሽ ስሜት አለው፤ አትቆጥቢው" ብለውኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም በሙሉ የምትጻፍ እየመሰለችኝ ነበር የምውለው። ድመታችን ስታልፍ እንኳ "ግርማ ሞገስ የተላበሰችው" እያልኩ በሆዴ እጽፍላታለሁ።

እድራችን ማመልከቻ ሲያስፈልገው ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ጸሐፊዎች ዘንድ ነበር የሚሄደው። ይሄኛውን ግን እማዬ ቀደመችና "ልጄ እያለችልን ለምን ለባዕድ እንከፍላለን?" አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ከእግር እስከ ራሴ አይተው መረመሩኝ።

"ማመልከቻ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አታውቂም። ማመልከቻ ማለት ዝቅ ማለት ነው። አመልካች እንደ ጀግና አይጽፍም። 'እኔ ችግረኛው፣ እኔ ምስኪኑ፣ ጎኔ የተራቆተ' ነው የሚባለው። ካልተዋረድሽ ማን ያነብልሻል? የሹም ሆድ የሚባባው ስትዋረጂ ነው።"

ምክሩ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሽ ሽብሩ ተዋረጂ አሉኝ፤ እኔ ግን ራሴን ትቼ ጎረቤቶቼን አዋረድኳቸው።

አምስት ፉልስካፕ ወረቀት ተሰጠኝ። የአምስቱንም ፊትና ጀርባ ለመሙላት ነበር ሐሳቤ፤ ደግነቱ እማዬ ሁለቱን ለወንድሜ የሒሳብ የቤት ሥራ ወሰደችብኝና ስድስት ገጽ ላይ ቆምኩ። ሦስት ቀን ጻፍኩ። መስኮት ላይ ተቀምጬ ሜዳውን እያየሁ፣ ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ እያየሁ ጻፍኩ። እየጻፍኩ እንባ ይመጣብኛል፤ እንባው በሰፈሩ ችግር ይሁን በጽሑፌ ማማር ግን እኔም እግዜርም እናውቃለን። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቦታ አለቀብኝ። ዋናውን ጉዳይ፣ ማለትም ድንኳኑን፣ ገና አላነሳሁትም ነበር። አረፍተ ነገር መሰረዝ ደግሞ ልጅን እንደ መሰረዝ ሆነብኝ። ስለዚህ ከግርጌ ባለችው ስንጥቅ ውስጥ "ስለ ሜዳውም ያስቡልን" ብዬ ሸጎጥኩ። አለቀ።

ጋሽ ሽብሩ ማመልከቻውን በእጃቸው መዘኑት። "ይከብዳል" አሉ በእርካታ። "ይሄ ይበቃል።"

ጋሽ ሸምሱ ብቻ "ይነበብልን እንጂ" አሉ።

"ረጅም ነው፣ ጋሽ ሸምሱ" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አፍሬ ነው። ጥሩ ነገር ሠርቶ ማፈር ያለ መስሎኝ ነበር።

"ተወው፣ ሸምሱ። ማመልከቻ የሚነበበው ለሚወስነው ነው" አሉ ጋሽ ሽብሩና ፈረሙ። ሌላው ተከትሎ ፈረመ፤ ግማሹም በአውራ ጣቱ። እማማ ብርቄ ዘንድ ስደርስ የቀለሙን ቆርቆሮ በእጃቸው ገፉት። ባለፈው ዙር የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስማቸውን የሚጽፉበት ጉዳይ አጥተው ነው የከረሙት። ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሐል አድርገው፣ እስክሪብቶዋን እንደ ዘነዘና ጨብጠው፣ "ብ" ብለው አረፉ፣ "ር" ብለው አረፉ፣ "ቄ" ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

"ያምራል?"

"በጣም ያምራል፣ እማማ።"

እስከ ዛሬ ድረስ ሲከብደኝ የሚኖረው እሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ተጠራን፤ ለጊዜው እንደ አዳራሽ የምንጠቀምበት የጣውላ መጋዘን ውስጥ ማለት ነው። መፈክሩ ተፈክሮ ሁላችንም ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ተነሡና "ሕዝቡ በራሱ አንደበት የጻፈውን ሕዝቡ ራሱ ይስማ" አሉ። እኔ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነኝ። ቀሚሴን አስተካከልኩ። አዎ፣ አስተካከልኩ! ሲነበብ ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል ብዬ።

የቀበሌው ጸሐፊ ድምፃቸው ራዲዮ ነው። ጀመሩ።

"እኛ ምስኪን ነዋሪዎች፣ ከቤት በታች ከዋሻ በላይ በሆነ፣ ስም ባልወጣለት ነገር ውስጥ ኑሮ ይሉት ሥቃይ የምንገፋ…"

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ማን ይሆን ብሎ ነው ያዘነው።

"የአቶ ሸምሱ አጥር ከወደቀ ቆይቷል፤ እስካሁን የቆመው በይሉኝታ ነው።"

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሽብሩ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ "በይሉኝታ! ኧረ በይሉኝታ!" እያሉ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"የአቶ ሽብሩ ግድግዳ ከባለቤቱ አስም ተጋብቶበት ሌሊት ሌሊት ያስላል።"

አሁን ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። ጋሽ ሽብሩ ጉልበታቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። ተራው የደረሰው ዝም ይላል፤ ተራው ያልደረሰው ይስቃል። ሳቁ እየቀነሰ፣ ዝምታው እየጨመረ መጣ። አይጦቹ ተመካክረው ወደ ሜክሲኮ አደባባይ መሰደዳቸው ሲነበብ የሚስቅ የቀረው የቀበሌው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እሱ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው። በመጨረሻ ጸሐፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ስሜት ያለበት ቦታ ላይ ደርሰው ነው።

"የወይዘሮ ብርቄ ጣሪያ ወንፊት ነው። በክረምት ውጭ የቆመ መንገደኛ ከእሳቸው ይልቅ ደረቅ ነው። በዚያች ቤት እንግዳ አይገባም፤ ቢገባም ተመልሶ የሚወጣበት ግድግዳ እንጂ በር የለም።"

ማንም አልሳቀም። ዘበኛው እንኳ። ይህችን አረፍተ ነገር ስጽፍ ከመምህሬ አሥር ከአሥር ጠብቄባት ነበር። ምን ማለት እንደሆነች እስካሁን አላውቅም። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳቡ፣ ወደ ማንም አላዩም።

"ቆይ!" አሉ ጋሽ ሸምሱ ብድግ ብለው። "ሜዳው ዙሪያ አሥራ ሁለት ቤት ነው። የተነበበው አሥራ አንድ ነው። የጸሐፊዋ ቤት የት ሄደ? ቤተ መንግሥት ስለሆነ ነው?"

የኛን ቤት ዘልዬው ነበር። እማዬ ታፍራለች ብዬ! የሌላውን እናት ማሳፈር ግን ሥነ ጽሑፍ መስሎኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ወደ ታች ባይ ሲሚንቶ ነው። ጫማዬ የወለቀ አስመስዬ ወንበር ሥር ገባሁ። ከዚያ ሆኜ ነው የሊቀመንበሩን ውሳኔ የሰማሁት።

"ጓዶች፣ ሕዝባችን በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ መኖሩን እስከ ዛሬ አለማወቃችን ያሳዝናል። 'ስለ ሜዳውም ያስቡልን' ብላችኋል፤ አስበናል። ፕላኑ ይሰፋል። ከሜዳው ጋር አሥራ አንዱም ቤቶች ፈርሰው በአዲስ ይሠራሉ። ሥራው እስኪያልቅ ነዋሪው ሌላ ቀበሌ ይቆያል።"

"የእኔም ቤት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ብርቄ ናቸው።

"የእርስዎማ መጀመሪያ ነው፣ እናቴ። በገዛ ፊርማዎ መስክረዋል።"

ከወንበሩ ሥር መውጣት ነበረብኝ። ወጥቼ "ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩበት" ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን አሠርኩ። ፈታሁት። እንደገና አሠርኩት። ስወጣ መጋዘኑ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳምንት ለጠላቴም አልመኝም። ቦኖው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወረፋውን ይለቁልኛል። "አሳልፏት፣ እንዳትጽፍብን!" ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ክብሪት ልገዛ ስሄድ "ቀስ በይ፣ አጥሩ አጠገብ አትንፈሺ፤ ይሉኝታው አልቋል" ይሉኛል። የቀለዷቸው ቀልዶች ሁሉ ከእኔዎቹ የተሻሉ ነበሩ፤ እሱም ሌላ ውርደት ነው። እማዬ ደግሞ አልተቆጣችም። ምናለ ብትመታኝ። ወጥ እያማሰለች ብቻ "የኛስ ጣሪያ መቼ ነው የተጠገነው?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለድስቱ።

እማማ ብርቄን ሁለት ጊዜ ሸሸኋቸው። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ጠበበኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይማ" አሉኝ። ስድብ ጠበቅሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺን ስሜን ከወረቀቱ ላይ ታወጪልኛለሽ?" አሉኝ። "የተቀረው ይቅር። ግን ለጉዳይ ብዬ መጀመሪያ የጻፍኳት እሷ ናት። ቤቴን ለመስደብ መሆኗ ነው የከነከነኝ።"

ዝናብን በሦስት ገጽ የገለጽኩ ልጅ፣ አንዲት ቃል ጠፋችኝ። ሮጬ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ከቤቶቹ ልኬታ በፊት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ባለሙያ መጥተው ቤቶቹን በዓይናቸው እንደሚያዩ ተነገረ። ጋሽ ሽብሩ የእድሩን ሽማግሌዎች ሰበሰቡና እኔን መሐል አቆሙኝ። ፍርዱ አጭር ነበር። "ባለሙያው በሚሄዱበት ቤት ሁሉ አብረሽ ትሄጃለሽ። እያንዳንዱ በር ላይ የጻፍሽውን ራስሽ ታነቢያለሽ። ከዚያ 'ውሸት ነው' ትያለሽ። አሥራ አንድ ጊዜ።"

ባለሙያው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሜትራቸውን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም የሚል ፊት ይዘው መጡ። መጀመሪያ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄድን። ማመልከቻውን ከባለሙያው እጅ ተቀብዬ፣ በተዋረደ ድምፅ፣ "'የአቶ ሸምሱ አጥር ከወደቀ ቆይቷል፤ እስካሁን የቆመው በይሉኝታ ነው።' ውሸት ነው" አልኩ።

"ሰሙ አይደል?" አሉ ጋሽ ሸምሱ። "አጥር ማለት ይሄ ነው!" ብለው በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

አጥሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ በሚመስል አኳኋን፣ በባለሙያው በኩል ተኛ።

"ይሄ… የዛሬ ነው" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ባለሙያው ከቆርቆሮው ሥር እግራቸውን አወጡና ጻፉ። ጋሽ ሽብሩ ቤት ግድግዳው አላሳለም፤ ግን ጋሽ ሽብሩ ራሳቸው በጭንቀት ደጋግመው ስላሳሉ ባለሙያው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። እየቆየ ሲሄድ "ውሸት ነው" የምለው ቃል ምላሴ ላይ ተልጦ አለቀ። ሰው አሥር ጊዜ ውሸታም ነኝ ካለ በኋላ አሥራ አንደኛው ይቀልለዋል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

አሥራ አንደኛው የእማማ ብርቄ ቤት ነበር።

ቤቷ ተጠርጋ፣ ወለሉ በአዲስ እበት ተለቅልቆ፣ ሁለት ዱካ ተዘጋጅቷል። ባለሙያውን በአንዱ፣ እኔን በሌላው ላይ አስቀመጡን። እሳቸው ቆሙ።

"አንብቢ።"

አነበብኩ። ስለ ወንፊቱ። ስለ መንገደኛው። ስለ በሩ። "ውሸት ነው" አልኩ። ይህን ጊዜ አልጨመርኩበትም።

"ቃልማ በቃል ብቻ አይፈተንም" አሉ እማማ ብርቄና ወደ ደጅ ጮኹ፦ "ልቀቀው!"

የእድሩ ድንኳን ተካይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፋብን። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ጮኸ። ባለሙያው አንገታቸውን ቀበሩ። ውሃው ወረደ፣ በጠርዙ ፈሰሰ፣ ቤቱ ውስጥ ጠብታ የለም… አንዲት ቦታ ብቻ፣ ቀጥ ብላ፣ መሐል አናቴ ላይ።

"እሱን ቀዳዳ አውቀዋለሁ" አሉ እማማ ብርቄ ረጋ ብለው። "ሥሩ ያስቀመጥኩሽ ስለማውቀው ነው።"

ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ማስታወሻቸውን ዘጉና በዚያ ሁሉ ስድስት ገጽ ውስጥ ያልገባውን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ለመሆኑ ምን ፈልጋችሁ ነው?"

ውሃው በአፍንጫዬ እየወረደ፣ "እማማ ብርቄ ሲሞቱ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ" አልኩ።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ድንኳኑ ስንት በስንት ነው?"

ማንም አያውቅም። ጋሽ ሽብሩ "እንደ ሟቹ ነው" አሉ። ባለሙያው ይተከልና ልለካው ሲሉ ጋሽ ሽብሩ ደነገጡ። "ሰው ሳይሞት? ሟርት ነው፣ ጌታዬ! ድንኳን በባዶ አይተከልም።"

"ሟርቱ በእኔ ይሁን" አሉ እማማ ብርቄ። "በዕድሜም እኔው ነኝ ቀዳሚ። ትከሉት፣ ደጄ ላይ።"

ተተከለ። ባለሙያው ዙሪያውን ለኩ፣ ጻፉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ያህልማ ከሆነ ከሱቁ ጀርባ ጥግ ላይ ይገባል። ሜዳው በሙሉ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው ሜትራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። እማማ ብርቄ ቤታቸው ገቡ። እኔ ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ያለቀ የመሰለኝ።

ሜትሩ ተጠቅልሎ ሳያልቅ ግን ከጠመንጃ ያዥ በኩል ጩኸት ተሰማ። ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡት ሴትዮ መቀነታቸውን እየፈቱ፣ ደረታቸውን እየደቁ ይሮጣሉ።

"ወይኔ ብርቄ! ወይኔ እናቴ! ያቺን ወንፊት ቤትሽን ለማን ጥለሽ ሄድሽ! መንገደኛው ደርቆ አንቺ ስትረጥቢ፣ በር እንኳ ሳይኖርሽ!"

አያችሁ? ማመልከቻዬ ሙሾ ሆኗል። ጸሐፊ የሚመኘው ይህን አይደል፣ ቃሉ በሕዝብ አፍ እንዲገባ? ገባልኝ። መግቢያ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ከእሳቸው ኋላ ሌሎች መጡ። ከቦኖው ወረፋ፣ ከመስጊዱ በኩል፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት እንደለበሱ፣ ከሥራ ሲወጡ ድንኳኑን አይተው የዞሩ። ጥሩንባ አልተነፋም፣ ማንም አልጠራቸውም። ድንኳኑ ሞላ፣ ከድንኳኑ ውጭ ሞላ፣ ሜዳው ሞላ። ሰው መሬት ላይ መቀመጥ ጀመረ። ባለሙያው ከነሜትራቸው ወደ ግድግዳ ተገፍተው ቆሙ፤ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ይዘው "እግዜር ያጽናህ፣ ልጇ ነህ?" አሏቸው። እኔና ጋሽ ሽብሩ ተያየን። አልሞቱም ብሎ መናገር የማን ሥራ ነው? እድሩ ለዚህ ደንብ የለውም።

ሴትዮዋ ስለ ወንፊቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሱ የእማማ ብርቄ በር ተከፈተ።

"ወንፊት አይደለም አልኩ!"

የዚያን ቀን የተጮኸውን ጩኸት ልገልጽላችሁ አልሞክርም። ግማሹ ሰው ተነሥቶ ሮጠ፣ ግማሹ መሬት ላይ ተደፋ፣ ጋሽ ሸምሱ በአጥራቸው ቦታ ዘለው ሱቃቸው ገቡ። እማማ ብርቄ ግን ደጃቸው ላይ ቆመው ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አንድ በአንድ። ለረጅም ጊዜ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ያ ደግሞ ከጣሪያ የመጣ አይደለም።

"ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?" አሉ።

ባለሙያው ሜትራቸውን እንደገና ዘረጉ። ድንኳኑን ሳይሆን ሰዉ የተቀመጠበትን መለካት ጀመሩ፤ ከቦኖው እስከ ሱቁ ደረሰ። ጻፉ፣ ከሥሩም አሰመሩበት። የቀረውን ሰሌዳው ላይ አንብቤላችኋለሁ። ቤቶቹም ባሉበት ቀርተዋል፤ የጋሽ ሸምሱ አጥር ብቻ በአዲስ እንዲተከል ትእዛዝ አለ።

ትናንት ወረቀቱን እንዳየሁ መጀመሪያ የሮጥኩት እማማ ብርቄ ዘንድ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዴ ይዘው አቆሙኝ።

"ለቅሶዬን አየሁት" አሉኝ። "ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረም አውቄአለሁ። ከእንግዲህ ብሞትም ቅር አይለኝም። ግን ያ ሁሉ ሰው ለቅሶ ብሎ መጥቶ ምንም ሳይቀምስ፣ ደንግጦ ነው የሄደው። እሱ አያምርም። ወረቀትሽን አምጪ። የምልሽን ብቻ ጻፊ፤ ለሰፈሩም፣ ለማይታወቀውም፣ ላነበበ ሁሉ ይድረስ።"

ይኸው፣ አንባቢዬ፣ የእሳቸውን ቃል አደርሳለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አበባና ጨረቃ አስገባበት ነበር፤ እጄን ያዝኩት።

"ግንቦት ልደታ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ንፍሮ እቀቅላለሁ፤ ያለቀሳችሁም ያላለቀሳችሁም፣ ሳልሞት ኑ።"